ቃታ የሌለው ተኩስ

በ2015 ዓ.ም. የቡሄ ዕለት የሰፈራችን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ እናቴ የያዘችውን ቢላ ጥላ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። ነሐሴ 13 ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ጎንደር ውስጥ ስንሰማው የሰነበትነው ድምፅ ሌላ ስለነበር ጆሮዋ ጅራፍ መሆኑን ለማጣራት ጊዜ አላገኘም። "ኧረ እማ፣ ቡሄ ነው እኮ!" ስላት ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን መሳቄ ደስ አላለኝም። ውጭ ያሉት ልጆች ሁለት ጊዜ ደግመው አጮኹና አንዲት ጎረቤታችን "ዘንድሮ እንኳ ይቅርባችሁ፣ ልባችንን አታጥፉት" ስትላቸው ጅራፋቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው ገቡ።

የዚያን ማታ መብራት ነበር፤ ኢንተርኔት አልነበረም። በክልሉ የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ቀናት ተቆጥረዋል፤ ወራት እንደሚቆጠሩ ገና አላወቅንም። እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ፕሮግራመር በሬው እንደሞተበት ገበሬ ነው፤ ሞፈርና ቀንበሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያይ ይውላል። ስልኬ ላይ ከወራት በፊት የጫንኩት፣ ያለ ዳታ የሚሠራ አንድ ጌም ነበር። ድምፁን አጥፍቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስጫወት እናቴ ሻይ ይዛልኝ ገባችና ስክሪኑን አየችው። አንድ ትንሽ ሰውዬ መሀል ሜዳ ላይ ቆሟል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ብልጭ እያለ ይወድቃል።

"አንተ ልጅ፣ ተኩስ አልበቃህም?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ምን ብዬ እመልሳለሁ? በር ላይ የሚሰማውን ነገር እየፈራ፣ ማታ አልጋው ላይ ያንኑ ነገር ለመዝናኛ የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ጥያቄዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ማታ አብሮኝ አደረ። አሁን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ልመልስላት።

ጌሙ ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ይባላል። የሠራው ሉካ ጋላንቴ የሚባል፣ እንግሊዝ አገር የሚኖር ጣልያናዊ ፕሮግራመር ነው፤ በትርፍ ጊዜው ብቻውን ጀመረው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲወጣ በብሮውዘር የሚከፈት ነፃ ጌም ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ስቲም ውስጥ ከ3 ዶላር ባነሰ ዋጋ ገባ፤ ሙሉ እትሙ ኦክቶበር 2022 ወጣ፤ ዲሴምበር 2022 ደግሞ የስልኩ እትም በነፃ ተለቀቀ። ማርች 2023 ላይ የእንግሊዙ ባፍታ የዓመቱ ምርጥ ጌም ብሎ ሲሸልመው ከተሸነፉት መካከል ኤልደን ሪንግና ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ነበሩ። የእነዚህ የሁለቱ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ስክሪን ላይ ወርዶ እስኪያልቅ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል።

ሥዕሉ የተዋበ አይደለም። የድሮውን ካስልቬኒያን የሚያስታውስ፣ ነጥብ ነጥቡ የሚቆጠር ሥዕል ነው። መጀመሪያ ሳየው የተማሪ መመረቂያ ፕሮጀክት መስሎኝ ነበር። ስሙ ቫምፓየር ይበል እንጂ እኔ ውስጡ ቫምፓየር ፈልጌ አላገኘሁም፤ የሌሊት ወፍ፣ የሚሄድ ሬሳ፣ አፅም፣ የሚራመድ ተክል ነው ያለው። ሜዳውን ከላይ ቁልቁል ታያላችሁ። ሰውዬው መሀል ላይ ነው፤ ጠላቶቹ ከአራቱም ማዕዘን ይመጣሉ፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ ሜዳው ራሱ የሚንቀሳቀስ እስኪመስል። የእናንተ ሥራ በአንድ አውራ ጣት ሰውዬውን ማንቀሳቀስ ነው። የሚወድቀው ጠላት ትንሽ ዕንቁ ጥሎ ይሄዳል፤ ዕንቁውን ስትለቅሙ ከስክሪኑ በላይ ያለው መስመር ይሞላል፤ ሲሞላ ጌሙ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከሦስት ወይም ከአራት ነገሮች አንዱን ምረጡ ይላችኋል። ትመርጣላችሁ፤ ይቀጥላል። 30 ደቂቃ ከቆያችሁ ሞት ራሱ ማጭዱን ይዞ ይመጣና ይወስዳችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ መተኮስ የሚባል ነገር አልጠቀስኩም። የተኩስ ጌም ነው፤ መተኮሻ ቁልፍ ግን የለውም። መሣሪያው በራሱ ሰዓት ይሠራል። ጣታችሁ ቃታ ላይ የለችም።

በነገራችን ላይ የዚህ ዓይነቱን፣ ከላይ ቁልቁል የሚታይ የተኩስ ጌም ዘር ወደ ኋላ ብትቆጥሩ በ1982 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሮቦትሮን 2084 ትደርሳላችሁ። ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ደማር ናቸው የሠሩት። ጃርቪስ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁ ተጎድቶ በጀሶ ታስሮ ስለነበር እንደ ልማዱ ጆይስቲክ ይዞ የመተኮሻ ቁልፍ መጫን አልቻለም። ከዚያ ችግር የወጣው መፍትሔ ሁለት ጆይስቲክ ሆነ፤ አንዱ መሄጃ፣ ሌላው የተኩሱን አቅጣጫ መምሪያ። ቁልፉ ያኔ ቀረ። ጋላንቴ 40 ዓመት ቆይቶ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አስቀረው። (ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም፤ ማጂክ ሰርቫይቫል የሚባል የስልክ ጌም እንዳነሣሣው ራሱ ተናግሯል።) ሮቦትሮን ውስጥ ሮቦቶቹን የምትተኩሱት ዝም ብላችሁ አይደለም፤ ሜዳው ላይ እናት፣ አባትና ልጅ ይንከራተታሉ፤ ምድር ላይ የቀሩት የመጨረሻዎቹ የሰው ቤተሰብ ናቸው፤ እነሱን ነው የምታተርፉት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መተኮሱ ሲወጣ ምን ቀረ? ቦታ ቀረ። የት ልቁም፣ በየት ልሂድ፣ የቱን ክፍተት ልተው፣ የቱን ልዝጋ። ለዚህ ጌም አዲስ የሆነ ሰው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጥግ ይያዛል፣ ይከበባል፣ ይሞታል። ከቆየ በኋላ የሚገባችሁ ነገር መሸሽም መግጠምም እንደማያዋጣ ነው። የሚያዋጣው መዞር ነው። መንጋውን በአንድ ወገን ሰብስቦ፣ በዙሪያው ቀስ ብሎ እየዞሩ፣ የራስን ክብ ሳያስነኩ መቆየት። ይህን ሳደርግ እጄ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ከየት እንዳወቀው ለማስታወስ ጥቂት ማታ ፈጀብኝ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ መሣሪያዎቹ ልንገራችሁ። እናቴ በማግስቱ እንደገና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ይኼ ነጭ ነገር ምንድነው?" አለችኝ።

"ነጭ ሽንኩርት።"

"ለምኑ?"

"ዙሪያውን ይጠብቃል። የሚጠጋውን ያቃጥላል።"

ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ዝርዝሩን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጅራፍ አለ። የተቀደሰ ውኃ አለ፣ ከላይ ወርዶ የፈሰሰበትን ቦታ ክፉ ነገር አያልፈውም። መስቀል አለ፣ ተወርውሮ ይመለሳል። መጽሐፍ ቅዱስ አለ፣ በሰውዬው ዙሪያ ይዞራል። "ይኼንንስ የኛ ሰው ነው የሠራው" አለች እናቴ፤ ጣልያናዊ ነው ብላትም አላመነችኝም። እውነቷን ነው፤ ሟች አያቴ ሕፃን አዝላ ስትወጣ ነጭ ሽንኩርት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። የጠበሉ ጀሪካን ከአልጋዋ ራስጌ ነበር፣ መስቀሉ ከአንገቷ፣ መጽሐፉ ከትራሷ ሥር። አያቴ ይህን ጌም ብታየው ኖሮ የሚገርማት ስልኩ እንጂ ስልቱ አይመስለኝም። ለፈረንጅ ተጫዋች እነዚህ ነገሮች ከድሮ የፊልም ቤት የተለቀሙ ቀልዶች ናቸው። ለእኛ ቤት ግን ራስን የመከለያ ነገሮች ናቸው። አንዳቸውም ሂደህ ግደል አይሉም፤ አትጠጋኝ ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ብቻ ሳቅ ፈጠረብን። ሰውዬው ሲጎዳ የሚድነው መሬት ላይ የወደቀ የዶሮ ጥብስ በልቶ ነው። ፍልሰታ ነበር። እናቴ "እንግዲህ ይኼ ጣልያን ነው" አለች።

አሁን ወደ ጅራፉ። ጌሙን ስትጀምሩ የምታገኙት የመጀመሪያው ሰውዬ አንቶኒዮ ይባላል፤ የመጀመሪያ መሣሪያው ጅራፍ ነው። እኔ ጅራፍ ያጮኽኩት ደባርቅ አካባቢ፣ አያቴ ዘንድ ክረምት ስሄድ ነው። የአያቴ የገብስ ማሳ ከገደሉ አፋፍ ብዙም አይርቅም። ገደሉ ደግሞ የጭላዳዎች ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ፊት ላይ ተጣብቆ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ሁለት ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ መቶ። ሣር እየነጩ፣ ቁጭ ብለው እየተንፏቀቁ፣ ምንም እንደማያስቡ ሰዎች ወደ ገብሱ ይጠጋሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ገብሱ እሸት ሲይዝ፣ የልጅ ሥራ እነሱን መጠበቅ ነው። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ትቆማለህ። ማሳው ከሥርህ ተዘርግቷል፤ የሚመጣው ሁሉ ይታይሃል። በእጅህ ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ፣ በወገብህ ወንጭፍ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ገብስ ነጭቶ ሲሮጥ እየጮኽኩ ተከተልኩት። የአጎቴ ልጅ ከማዶ ሆኖ ሰደበኝ። "አንተ የከተማ ልጅ፣ አትሩጥ! አንዱን ስታባርር መቶው ከኋላህ ይገባል። ቁምና አጩኸው!" ዞር ስል እውነትም ገብተዋል። ከዚያ በኋላ መማር የነበረብኝ ሁሉ የቦታ ጉዳይ ነበር። የት ብቆም ስንቱን አያለሁ፣ አንድ ጊዜ ባጮኽ የቱ ወገን ያፈገፍጋል፣ ያፈገፈገው በየት ዞሮ ይመጣል። ጅራፉ ማንንም አይነካም። የሚያስፈራቸው ድምፁ ነው። (ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ስማር ነው የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ እንደሚያልፍና ጩኸቱም ከዚያ እንደሚመጣ ያወቅኩት። እናቴ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።) አያቴ ጠመንጃ ነበረው፤ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ለለቅሶና ለሠርግ ይወርዳል። ለጭላዳ ግን አንድም ቀን አልወረደም፤ ጥይት ተቆጥራ የተገዛች ነገር ናት፣ ጭላዳውም ቢሆን በአያቴ አነጋገር "እሱም ርቦት ነው"።

እንግዲህ ለእናቴ የምሰጠው መልስ የመጀመሪያ ክፍሉ ይኼ ነው። እማ፣ ይኼ ተኩስ አይደለም፤ ጥበቃ ነው። ከላይ ሆኖ ሜዳውን ማየት፣ ክቡን መያዝ፣ የሚመጣውን መመለስ። ተኩሱ በቀለም የተቀባ ሽፋን ነው። ጋላንቴ ቃታውን ሲያወጣው ከሥሩ ያለው እረኛ ብቅ አለ፤ ሮቦትሮንም ላይ ያ ቤተሰብ ቆሞ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ኢንተርኔት በነበረ ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ ፐብጂ ነበር የሚጫወቱት፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ፐብጂ ውስጥ ሰው ከሣር መሀል ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ከየት እንደተተኮሰባችሁ ሳታውቁ ትወድቃላችሁ። ለብዙ ሰው ደስታው እሱ ነው፤ ልብ ይሰቅላል። በ2015 ነሐሴ ግን ልቤ እንዲሰቀል ጌም አያስፈልገኝም ነበር። ዓለም ራሷ ፐብጂ ሆናለች፤ ጥግ አለ፣ ግድግዳ አለ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን አታውቅም፣ ድምፁ ቅርብ ይሁን ሩቅ በጆሮህ ትለካለህ። ከላይ የሚታየው ጌም ላይ ግን የሚገድልህ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነው። ከጠርዙ ይገባል፣ ሲመጣ ታየዋለህ፣ የሚጎዳህ ሲነካህ ነው። ምርጫ ሲኖርህ ጊዜ ራሱ ይቆምልሃል፤ ሻይህን ጠጥተህ፣ አስበህ ትመርጣለህ። ሞት እንኳ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ 30ኛዋ ደቂቃ ላይ ይመጣል። ስትሞት ምን እንደበላህ ታውቃለህ፤ ጥፋቱም የራስህ ነው። እንዲህ ያለ ፍትሕ ለግማሽ ሰዓት ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ጌም የሚያጠኑ ሰዎች በዚህ ዘር ውስጥ ትልቁ ሥራ የሚሉት ብዙ ጊዜ በ2012 እ.ኤ.አ. ሁለት ስዊድናውያን ያወጡትን ሆትላይን ማያሚን ነው። እሱም ከላይ ይታያል። ክፍል በክፍል እየገባችሁ ሰው ትጨፈጭፋላችሁ፣ ሙዚቃው ያሳብዳል፤ ሲያልቅ ሙዚቃው ይቆምና በሬሳዎቹ መሀል አልፋችሁ ወደ መኪናችሁ ትመለሳላችሁ። ይኼን ያደረጋችሁት ደስ ብሏችሁ ነው ወይ ብሎም ይጠይቃችኋል። ብልህ ሥራ ነው፣ አልክድም፤ በላፕቶፕ ጨርሼዋለሁ። ግን ጥያቄው ተኩስ ሩቅ ለሆነበት ሰው የተጻፈ ነው። ሬሳ ሥዕል ብቻ ለሆነበት ሰው "እስቲ እየው" ማለት ትምህርት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሰፈር ልጅ ምን ይጨምርለታል? እናቴ ሻይ ይዛ ገብታ ያንኑ ጥያቄ በአራት ቃል ጠይቃኛለች፤ ያውም ያለ ሙዚቃ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ለአንድ ጓደኛዬ አነበብኩለት። ሲጨርስ ዝም ብሎ ቆየና "ከላይ ማየት ጥበቃ ነው ያልከው ግን..." ብሎ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ገባኝ። በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን ሰማይን የሚያየው ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ብቻ አይደለም። ድሮን የሚባለውን ቃል ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ ቁልቁል ሜዳው ላይ ያለውን ነገር እንደ ነጥብ የሚያይ ዓይን እረኛ ብቻ አይደለም፤ ነጥቡም ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ሳላስብ የጌሙን ዓይን ማመስገኔ አሳፈረኝ።

ጎንደሬ ሆኖ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ሳይጠቅስ ጽሑፍ የሚጨርስ የለም፤ እኔም ልጥቀስ። እዚያ ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ዓይናቸውን ወደ ታች አድርገው ያዩሃል። ልጅ ሆኜ ያ ዓይን ያስፈራኝ ወይስ ያጽናናኝ እንደነበር አሁን መለየት አልችልም። ከላይ የሚያይ ማንነቱ ነው እንጂ ከላይ መሆኑ ምንም አይናገርም። ለጓደኛዬ ያገኘሁት መልስ፣ እሱን ባያረካውም፣ ይኼ ነው። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ላይ ዓይኑ ከሰውዬው አይለይም። ሰውዬው ሲሄድ ዓይኑ ይሄዳል፤ ሰውዬው ሲሞት ዓይኑም ይዘጋል። የሚያየውና የሚሞተው አንድ ነው። ድንጋዩ ላይ የቆመው ልጅም እንዲሁ ነው፤ ጭላዳው ገብሱን ከበላው ክረምቱን የሚራበው እሱ ራሱ ነው። ሩቅ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይነካው የሚያይ ዓይን ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚመስል ጌምም ሞልቷል። ጓደኛዬ "ቆንጆ ነው፣ ግን ለነጥቡ ምን ይጠቅመዋል?" አለኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ጌሙን ከልክ በላይ አወደስኩት መሰለኝ፤ እንከኑንም ልናገር። አንደኛ፣ ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ ጌሙ ይሞታል። መሣሪያዎችህ ከበረቱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ መውጣት ትችላለህ፤ ሁሉም ነገር ራሱ ይሆናል። ጥበቃው ያበቃና ርችት ይሆናል። እውነተኛው ጌም ከ5ኛው እስከ 15ኛው ደቂቃ ያለው ነው፤ ገና ሁለት ሦስት መሣሪያ ይዘህ ክቡ የሚጠብበት ጊዜ። ሁለተኛው እንከን የሣጥኑ ነገር ነው። ጠንካራ ጠላት ሲወድቅ ሣጥን ይጥላል፤ ሣጥኑ ሲከፈት ሙዚቃ፣ ብርሃን፣ የሚሽከረከር ሥዕል፣ የሚረጭ ወርቅ። ጋላንቴ ቀድሞ የቁማር ጌሞች በሚሠሩበት ኢንዱስትሪ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የተማረውን አልረሳም። ሰው የሚለው "ቢያንስ ገንዘባችሁን አይወስድም" ነው፤ እውነት ነው፣ የስልኩ እትም ማስታወቂያ እንኳ ካልፈለጋችሁ አያሳያችሁም። ግን ዛሬ ጎንደር ውስጥ የስፖርት ውርርድ ቤት ደጃፍ ቲኬቱን ይዞ ቆሞ ስክሪን የሚያይ ልጅ አይቼ የማላውቅ ሆኜ ስለዚያ ሣጥን መጻፍ አልችልም። ያው ፊት ነው። ሣጥኑ ሲከፈት የእኔም ፊት ያንን እንደሚመስል እርግጠኛ ነኝ። ነጭ ሽንኩርቱ እኔን ይጠብቀኛል፤ ከሣጥኑ የሚጠብቀኝ ግን የለም።

ኢንተርኔቱ በጠፋባቸው ወራት የራሴን ጌም መሥራት ጀመርኩ። ጋላንቴ መጀመሪያ የተጠቀመበት ፌዘር የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ላፕቶፔ ላይ ነበር፤ ሲቸግረኝ የምጠይቀው ድረ ገጽ ስለሌለ ኮዱን ራሱን እያነበብኩ ሠራሁ። ማሳ፣ ገደል፣ አንድ ልጅ፣ ጭላዳዎች። መጀመሪያ ላፕቶፑ እንደ በሬ አለከለከ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፤ 300 ጭላዳ ካለ የቱ ከየቱ ጋር እንደተነካካ ለማጣራት 44,850 ጥንድ ማየት አለብህ፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲደጋገም 2.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ማሳውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍዬ እያንዳንዱ ጭላዳ ጎረቤቶቹን ብቻ እንዲያይ ሳደርገው ተነፈሰ። ጅራፉንም አስገባሁ። ሲመታ ጭላዳዎቹ ፈርተው ይሸሻሉ፣ ቆይተው ይመለሳሉ። ልክ እንደ ደባርቅ።

ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት፤ 12 ዓመቱ ነው። በአምስት ደቂቃ ሰለቸው። "አይሞቱም?" አለኝ። አይሞቱም አልኩት። "እና ምን ዋጋ አለው?" ብሎ መለሰልኝ። በማግስቱ፣ ለሙከራ ብዬ፣ ሲመቱ ብልጭ ብለው እንዲጠፉ አደረግኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይነሣ ተጫወተ።

ይኼ ውጤት አላስደሰተኝም። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ጥበቃ ነው ተኩስ አይደለም ያልኩትን ሁሉ፣ የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት አፈረሰው ማለት ነው። ሁለት ቀን ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ጭላዳ ደንግጦ ሲሸሽ በአፉና በእጁ የያዘውን ዛላ ጥሎ ነው የሚሄደው። እኛም የወደቀውን ለቅመን ጠብሰን እንበላ ነበር። መሞታቸውን መልሼ አጠፋሁትና የሚሸሽ ሁሉ የሰረቀውን ዛላ እንዲጥል አደረግኩ። ልጁ እየሄደ ይለቅማል፤ ሲሞላለት አዲስ ነገር ይመርጣል። ወንድሜ እንደገና ተቀመጠ። ስለ መሞት አልጠየቀም። የፈለገው ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሚቀር፣ የሚለቀም ነገር ነበር መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ እንዲህ ማሰብ የምፈልገው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ለየብቻ ለመፈተን ሌላ 12 ዓመት ልጅ ያስፈልገኛል።

መጨረሻው ላይ ሞትን አላስገባሁም። በምትኩ ይመሻል። ማሳው ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ ጭላዳዎቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ልጁ ድንጋዩ ላይ ብቻውን ይቀራል። ወንድሜ እዚያ ደረሰና ስልኩን ቀና አድርጎ አሳየኝ።

"አሸነፍኩ?"

"መሸ።"

"ነገስ?"

"ጠዋት ይመለሳሉ።"

ጥቂት አሰበና ጣቱን ጅራፉ ላይ አደረገ። "ይኼ ለምን አይጮኽም ግን? ድምፅ ብታደርግለት ይበልጥ ያምር ነበር።"

ወደ ማድ ቤቱ አየሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ የቢላዋ ድምፅ ይሰማል።

"ገና ነው" አልኩት።